ቅጥራን የጠጣች መኪና

የጋሼ ሳሊህ መኪና ከአንድ ቦታ ሳትነቃነቅ ሠላሳ ሁለት ዓመት ከመቀመጧ የተነሣ፣ የሐይቁ ዳር ሰው መኪና መሆኗን ረስቶታል። ከጀልባ መሥሪያው ግቢ ጥግ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ናት። ኮፈኗ ላይ መረብ ይሰጣል፤ ጣሪያዋ ላይ መቅዘፊያ ይጋደማል፤ ከኋላ ወንበሯ ላይ ደግሞ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች። ልጃቸው ሸሪፋ በስልኳ ፎቶ አንስታ ቴሌግራም ላይ የለጠፈቻት ዕለት ነው ጎረቤቱ «ለካ መኪና ኖራለች» ያለው።

ሸሪፋ መኪናዋን ለመሸጥ የፈለገችው ለሞተር ብላ ነበር። የጀልባዋ ሞተር በጥቅምት ነክሶ ቀርቷል። ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ከአጥማጆች ዓሣ እየተቀበለች ባሕር ዳር ገበያ የምታደርሰው ራሷ ናት። በሞተር ሁለት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ በመቅዘፊያ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ እምቦጩ መንገድ የዘጋ ቀንማ ከዚያም ይብሳል። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ደግሞ ፀሐይ አይወድም። እኩለ ቀን ላይ የደረሰ ዓሣ ገዥን ይለምናል እንጂ አይለመንም። ሁለት ምግብ ቤቶች «ከእንግዲህ ይቅርብን» ብለዋታል። ክረምቱ ሳይገባ ሞተር ካላገኘች፣ ጀልባዋን ለሰው አከራይታ እሷ በሰው ቤት ልብስ አጣቢ መሆኗ ነበር።

ማስታወቂያዋ አጭር ነበር፦ «ሸቭሮሌ ቤል ኤር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1957፣ ያልተነካች።» የመኪናዋን ስም ከየት እንዳገኘች ሲጠይቋት፣ «ከጎኗ በብርማ ፊደል ተጽፎ የለም እንዴ? ማንበብ እንደሁ አያቅተኝም» ትላለች። ዓመቱን የወሰደችው ከሊብሬው ነው።

በሦስተኛው ቀን ኪሩቤል የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ ደወለ። አሮጌ የአሜሪካ መኪኖች ይሰበስባል።

«እኔ የታደሰ መኪና አልፈልግም» አላት። «እንደ ሙሽራ ተኳኩላ የተቀመጠችማ እዚህም ሞልታለች። ያልተነካች ቤል ኤር ከሆነች፣ ቁጥሯም ከሊብሬው ጋር ከገጠመ፣ አዲስ ሞተር ይገዛልሻል። ካልገጠመ ግን ለእኔ ቁርጥራጭ ብረት ናት፤ በኪሎ የሚገዛ ሰው እዛው ፈልጊ።»

ያን ሁሉ መንገድ መጫኛ መኪና ይዞ ከመምጣቱ በፊት ዓይን ያለው ሰው እንዲያይለት ፈለገ። ባሕር ዳር የሚያውቀው አንድ ባለ ጋራዥ ነበር፤ አበራ ይባላል። ለአበራም ከሽያጩ የድለላ ድርሻ ቃል ገባለት። አበራ ደግሞ ቢያዝንን ላከ።

ቢያዝን ባትላሜራ ነው፤ የተጨማደደ የመኪና ቆርቆሮ በመዶሻ እየመታ ወደ ቦታው መመለስ ነው ሥራው። ዕድሜው ሃያ አምስት ነው። ከሰባታሚት እየተመላለሰ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሯል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ትምህርቱ ቆርቆሮ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን በፓራፋንጎ ላይ ካሳለፈ፣ የት ጋ ስቱኮ እንደተለጠፈ፣ የት ጋ መዶሻ እንዳረፈ ይነግርሃል ይባላል። ይነግርሃል ማለቱ እንኳ ለወጉ ነው እንጂ ቢያዝን በቃል አይናገርም፤ በጠመኔ ይከብበዋል። አበራ ለደንበኞቹ ሁሉ «ይኼ ልጅ አፉን የሚከፍተው ብሎን በከንፈሩ ሊይዝበት ነው» እያለ ይስቃል።

ረቡዕ ጠዋት ቢያዝን መጥቶ መረቡንና መቅዘፊያውን አነሣ። ዶሮዋን ግን አልነካትም፤ ራሷ እስክትወጣ ቆሞ ጠበቃት። ጋሼ ሳሊህ የእንጨት ዱካቸውን አምጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ መጥረቢያ ይዘው አሁንም ሳንቃ ይጠርባሉ።

መዳፉን ከፊት መብራቷ ጀምሮ እስከ ኋላ ክንፏ አሳለፈ። ቀለሟ ተሰነጣጥቋል፤ ሥሩ ያለው ቆርቆሮ ግን ከፋብሪካው እንደወጣ ነው። ስቱኮ የለም፤ መዶሻ የለም። ከዚያ በጀርባው ተኝቶ ከሥሯ ገባ። ሆዷ ሁሉ ጥቁር ነው፤ በጣቱ ሲነካው ይጣበቃል።

«ይኼ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«ቅጥራን።»

«ለመኪና?»

«ለእንጨት የበጀ ለብረት ምን ያደርገዋል ብለህ ነው? በየዓመቱ መስከረም ጀልባዎቹን ስቀባ እሷንም እቀባታለሁ። ወለሏ የተበሳ ጊዜም በጥጥና በቅጥራን ወተፍሁላት። ውኃ ብትገባ አትሰጥምም።»

ቢያዝን በጥፍሩ ቢፍቀው ከቅጥራኑ ሥር ያለው ብረት ሰማያዊ ሆኖ ብቅ አለ። ዝገት የሚባል አልነበረም። ደስ አለውና ከሥሯ ሳይወጣ ትንሽ ቆየ። እንዲህ ያለ ወለል፣ ትናንት በገቡ መኪኖች ላይ እንኳ አይቶ አያውቅም።

ነገሩ የተበላሸው ወደ ጎኗ ሲመለስ ነው። ኪሩቤል የላከለትን ፎቶዎች በስልኩ እያየ አመሳከረ። በፎቶው ላይ ያለችው ቤል ኤር ከኋላ በሯ እስከ ጭራዋ ድረስ ባለ መስመር ብርማ ቆርቆሮ አላት። የጋሼ ሳሊህ መኪና ግን ያ ቦታ ጥርት ያለ ክሬም ቀለም ነው፤ ቆርቆሮ ታስሮበት የሚያውቅ አይመስልም። የኋላ ኮፈኗን ከፍቶ እጁን ከውስጥ በኩል ብርማው ስም ወደተለጠፈበት ሰደደ። የስሙ ቀዳዳዎች ጠርዛቸው ሻካራ ነው፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። ፋብሪካ እንዲህ አይበሳም። በእጅ መሰርሰሪያ የተበሳ ነው።

ከዚያ የነጂውን በር ከፈተ። የበሩ ማጠፊያ በሚታሰርበት ቋሚ ላይ፣ አውራ ጣት የምታህል የቁጥር ቆርቆሮ አለች። በፈረንጅ ፊደል ቪ እና ሲ ይልና ቀጥሎ 55 ይላል። ሊብሬውን ገልጦ አየ፤ ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር በቢ ይጀምርና 57 ይላል። ከሁሉ ይልቅ ግን ዓይኑ የቀረው ቆርቆሮዋን በያዙት ሁለት ሚስማሮች ላይ ነው። የመዳብ ናቸው። በዚህ ግቢ ውስጥ በየጀልባው የሚመቱት ሚስማሮች።

«ጋሼ» አለ ቢያዝን። በጣቱ ሚስማሮቹን አሳያቸው።

ጋሼ ሳሊህ ተነሥተው ጎንበስ ብለው አዩና ሣቁ። «እሷ እኮ የፊተኛይቱ ናት!»

«የምን ፊተኛይቱ?»

«ክረምት ክረምት እዚህ ጀልባ እሠራ ነበር፤ በጋ በጋ ደግሞ አብዱልሃኪም ለሚባል የማክሰኝት ነጋዴ መኪና እነዳለት ነበር። የፊተኛይቱ መኪናው ከማክሰኝት ወዲህ ባለው ቁልቁለት ተገለበጠች። እኔ ተረፍሁ፣ አብዱልሃኪም ተረፈ፤ እሷ ሞተች። በዓመቱ ይችኛይቱን ከአሥመራ አስመጣ፤ ኋላም አገር ለቆ ሲሄድ ለእኔ ተወልኝ። እና ሁለት ሰው ያተረፈችን መኪና ሜዳ ላይ መተው ነውር አይደለም? ስሟንና ቁጥሯን ነቅዬ ለታናሿ ሰጠኋት።»

ቢያዝን ሚስማሮቹን እንደገና በጣቱ ዳሰሰ።

«እኛ አዲስ ጀልባ ስንሠራ» አሉ ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ «ከሞተችው ጀልባ አንድ ሳንቃ እናገባባታለን። ሐይቁ እንዲያውቃት። ሃይማኖት ነው አልልህም፤ ልማድ ነው፤ ኢማማችንም ስንት ጊዜ ተቆጥተውናል። ወንድሜ ኢብራሂም ‹ይኼ የአሮጊት ወሬ ነው› ብሎ ጀልባውን በአዲስ ሳንቃ ብቻ ሠርቶ ወጣ። ነሐሴ ነበር። ጀልባዋን አገኘናት፤ እሱን አላገኘነውም።»

«ጋሼ፣ መኪና እኮ ጀልባ አይደለችም።»

«እኔ ግን ጀልባ ሠሪ ነኝ» አሉ ጋሼ ሳሊህ።

ከሰዓት በኋላ አበራ በባጃጅ መጣ። ነገሩን ሰምቶ ራሱን ያዘ። ኪሩቤል በዘጠኝ ሰዓት እደውላለሁ ብሏል። ሸሪፋም ከሐይቅ ተመልሳ ባዶውን የዓሣ ሣጥን እያጠበች ነበር።

«ስማኝ» አለው አበራ ቢያዝንን ወደ ጎን ወስዶ። «ቤል ኤር ናት በል፣ በቃ። ካልሆነልህ ምንም አትበል። ዕድሜ ልክህን ዝም ስትል ኖረህ፣ ዛሬ አንድ ቀን ዝም በል ብትባል ምን ይከብድሃል?»

ስልኩ ጮኸ። አበራ ድምፁን ከፍ አድርጎ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠው።

«ወንድም ቢያዝን፣ አየሃት?»

«አየኋት።»

«ናት?»

ቢያዝን ከጥፍሩ ሥር የገባውን ቅጥራን በሌላ ጥፍሩ ሲፈለፍል ቆየ። አበራ በእግሩ ነካው። ሸሪፋ ማጠቧን አቁማ ነበር።

«ቤል ኤር አይደለችም» አለ ቢያዝን። «ስሙ ከሌላ መኪና የመጣ ነው። ቁጥሩም የሌላ ነው። እሷ ግን አልተነካችም።»

ከስልኩ ሣቅ ወጣ። «ስሟ ሌላ፣ ቁጥሯ ሌላ፣ አልተነካችም? ምን ዓይነት ንግግር ነው?»

«ቆርቆሮዋን ማለቴ ነው። አንድ መዶሻ አላረፈባትም። ወለሏንም ዝገት አልበላውም።»

«የራሷ ቁጥርስ የት አለ?»

«አልጠየቅሁም።»

«ጠይቃ። ቆርቆሮው ከተገኘ ቅዳሜ እመጣለሁ። ካልተገኘ አልመጣም።»

ስልኩ ሲዘጋ አበራ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገው። «ጎሽ። ያንተ አንደበት የሚፈታው ገበያ ለመዝጋት ነው።»

ሸሪፋ አልተቆጣችም። እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ወደ አባቷ ሄደች። «አባቴ፣ የእሷን ቁጥር የት ጣሉት?»

«እኔ የምጥለው ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«የት አስቀመጡት፣ እንግዲያ?»

«ያን ጊዜ የምሠራት ጀልባ ነበረች። አንዱ ሲገባ የወጣው ሜዳ አይቀርም ብዬ ከፊተኛው ሳንቃዋ ላይ መታሁት። እሷ ስታረጅ ሳንቃው ወደ ሁለተኛዋ ገባ። ሁለተኛዋ ስታረጅ…» በአገጫቸው ወደ ውኃው አመለከቱ። የሸሪፋ ጀልባ ታስራ ትወዛወዝ ነበር።

ሸሪፋ ጀልባዋን ረጅም ጊዜ አየቻት። «እኔ እኮ ሞተር ፍለጋ ስንቱን ደጅ ስጠና ከእግሬ ሥር ነበር።»

ቢያዝን ሱሪውን ሰብስቦ ወደ ጀልባዋ ገባ። ከአፍንጫዋ በስተውስጥ፣ ከሌሎቹ ሁሉ የጠቆረ አንድ የዋንዛ ሳንቃ አለ፤ ላዩ በብዙ ዓመት ቅጥራን ተሸፍኗል። በመፋቂያ ቀስ እያለ ይልጠው ጀመር። ሸሪፋ ከዳር ቆማ «ቀስ በል፣ እሷንም እንደ መኪና እንዳትቀጠቅጣት» ትለዋለች። ሰዓት ያህል ከፋቀ በኋላ መፋቂያው ብረት ነካ። የቁጥሯ ቆርቆሮ በሁለት የመዳብ ሚስማር ተመትታ እዚያው ነበረች። በጨርቅ አሸት አድርጎ አነበባት፤ በቢ ጀምራ 57 አለች። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንድ በአንድ ከሊብሬው ጋር አመሳከረ። ሁሉም ገጠመ።

ሌላም ነገር አየ። የቆርቆሮዋ ሁለት ጫፎች የሉም፤ ተቀድደው ቀርተዋል።

«በል ንቀላትና መኪናዋ ላይ ምታት» አለ አበራ ከዳር። «ቅዳሜ ሲመጣ ከቦታዋ ያገኛታል። ጉዳዩ አለቀ።»

«ከነቀልናት የሚያየው አዲስ ሚስማር ነው» አለ ቢያዝን። «እዚህ እንዳለች ይያት።» ከዚያም ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ቆርቆሮዋ ላይ አኖረና በእርሳስ አሸው። የቁጥሩና የተቀደዱት ጫፎች ቅርጽ ወረቀቱ ላይ ወጣ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ኪሩቤል መጣ። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው፤ ቅጥራኑን ሲያይ እጅጌውን ሰበሰበ። መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት። የብርማውን ስም ቀዳዳ በጣቱ ለካ። ቁጥሩን አነበበና «ይኼ የአምሳ አምስት ቤል ኤር ነው። ይቺ ደግሞ የአምሳ ሰባት ናት» አለ። «የእሷ ነው የምትሉት ቆርቆሮ ጀልባ ላይ መገኘቱን ሰማሁ። የእሷ ለመሆኑ ግን ምን ማስረጃ አለ? ከሌላ ከወደቀ መኪና ላይ መጥቶ ቢሆንስ?»

ሁሉም ወደ ጋሼ ሳሊህ አየ። ጋሼ ሳሊህ «እኔ ነኝ የነቀልሁት» አሉ።

«አምንዎታለሁ፣ አባቴ። መኪና የሚመዘግበው ቢሮ ግን እርስዎን አይጠይቅም።»

ቢያዝን ማንንም ሳያይ ወደ በሩ ሄደ። መሮውን ከመዳብ ሚስማሮቹ ሥር አግብቶ የአምሳ አምስቷን ቆርቆሮ አነሣት። ከሥሯ ባለው ቋሚ ላይ፣ ፋብሪካው የበየዳቸው ሁለት ቁራጮች እንደ ተሰበረ የጥርስ ሥር ተጣብቀው ቀርተው ነበር። ወረቀቱን ዘርግቶ አኖረባቸው። በወረቀቱ ላይ የጎደሉት ጫፎች ከቁራጮቹ ጋር ገጠሙ፤ የቀኙ እንኳ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ጥምዝ ሳትቀር።

ኪሩቤል መነጽሩን አውልቆ ተጠግቶ አየ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ውኃው ዳር ወርዶ የጀልባዋን ቆርቆሮ አየ። ተመልሶ መጥቶ ወረቀቱን እንደገና አየ።

«ማን ነው ይኼን ያስተማረህ?»

«የተቀደደ ቆርቆሮ አቻ አለው» አለ ቢያዝን።

«እሺ» አለ ኪሩቤል ወደ ሸሪፋ ዞሮ። «መኪናሽ ቱ ቴን ትባላለች። የቤል ኤር ታናሽ እህት በያት። ዋጋዋም የታናሽ ነው፤ አዲስ ሞተር አይገዛም። በደንብ የተያዘ ያገለገለ ሞተር ግን ይገዛል።»

«ያገለገለም ይሄዳል» አለች ሸሪፋ።

«አንድ ነገር ብቻ። ቆርቆሮዋ ከእሷ ጋር መሄድ አለባት። ያለሷ ስም ማዛወር አልችልም፤ መግዛትም አልችልም።»

ጋሼ ሳሊህ ዱካቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበር። «አትነቀልም» አሉ። «ሚስማሩ ሳንቃውን በስቶ በወዲያ በኩል ታጥፏል። ስድሳ ዓመት የደረቀ እንጨት ነው። ሚስማሩን ስትስበው ሳንቃው ይሰነጠቃል።»

«ሌላ ሳንቃ ይገባበታላ» አለ አበራ።

«ሌላው አዲስ ነው» አሉ ጋሼ ሳሊህ። ለአበራ አልነበረም የተናገሩት። «በዚያች ጀልባ ላይ ያለ አሮጌ ሳንቃ እሱ ብቻ ነው።»

ኪሩቤል ነገሩ አልገባውም፤ ሊጠይቅ ብሎ የሸሪፋን ፊት አየና ተወው። ቢያዝን መሮውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ባለፈው ረቡዕ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ብሎ አሰበ፤ ሌላም ነገር ይመጣ እንደነበር አሰበ።

«አባቴ» አለች ሸሪፋ። «እኔ በዚህ ሐይቅ ላይ ሃያ ዓመት ተመላለስሁ። እስካሁን እኔን ካላወቀኝ ሳንቃውንም አያውቀውም።»

ጋሼ ሳሊህ ዓይናቸውን ወደ ውኃው መለሱ።

«ያን መሮ አምጣ» አለችው ቢያዝንን።

«እኔ ልንቀለው፣ እትዬ።»

«ጀልባዋ የእኔ ናት።»

ጀልባዋ ውስጥ ተንበርክካ መሮውን አስገባች። የመጀመሪያው ሚስማር እየተጎተተ በሰላም ወጣ። ሁለተኛው ሲወጣ ሳንቃው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጮኾ ተሰነጠቀ። ሸሪፋ ቆርቆሮዋን በውኃ አለቅልቃ ለኪሩቤል ሰጠችው። እሱም በመሐረብ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ከተታት።

ውሉን አበራ ጻፈው፤ ቢያዝን በምስክርነት ፈረመ። የመኪናዋ ዓይነት በሚለው ቦታ ላይ አበራ በልማዱ «ቤል ኤር» ብሎ ነበር፤ አስሠርዘው አስተካከሉት። ሳይመሽ መጫኛ መኪናዋ መጥታ መኪናዋን አወጣቻት። ኪሩቤል ሠራተኞቹን «ሥሯን እንዳታጥቡ፤ ቅጥራኑን እንዳትነኩት» እያለ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከተላቸው። ጋሼ ሳሊህ ወደዚያ አላዩም። ከቀትር ጀምረው የዋንዛ ግንድ እየጠረቡ ነበር። የተሰነጠቀው ሳንቃ ከድርቀቱ የተነሣ ፍርስርሱ ስለወጣ፣ ወደ አዲሱ የሚገባ ቁራጭ እንኳ አልተረፈም፤ አዲሱን በልኩ አወጡ፣ ገጠሙት፣ ጥጡን ወተፉ፣ ቅጥራኑን ቀቡ። እጃቸው ላይ ስህተት አልታየም።

ሞተሩ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ያገለገለ ነው፤ ቀለሙ ተልጧል፤ ሲነሣ ግን በመጀመሪያው ገመድ ነው የተነሣው። ቢያዝን ለመግጠም ስላገዛቸው ያን ዕለት ጠዋት እዚያ ነበር። ሸሪፋ ሣጥኖቿን ጭና ስታበቃ፣ ጋሼ ሳሊህ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በውኃው ውስጥ እየተራመዱ መጡ። የጀልባዋን ጠርዝ ይዘው ገቡና ከአፍንጫዋ ላይ፣ አሮጌው በነበረበት ቦታ፣ ጀርባቸውን ለአዲሱ ሳንቃ ሰጥተው ተቀመጡ። ለሃያ ዓመት ያህል ከዳር አልፈው አያውቁም ነበር።

«አባቴ፣ ፀሐዩ ይመታዎታል። ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ሞተሩ ከኋላ ከብዷል። ፊቷ ቀሏል። ሚዛን ያስፈልጋታል።»

ሸሪፋ አንድ ሣጥን ዓሣ ወደ ፊት ብትስብ የሚስተካከል ነገር እንደሆነ ቢያዝን አየ። እሷም አየች። ሣጥኑን አልነካችውም፤ ጥላዋን ለአባቷ አቀበለችና ገመዱን ሳበች። ቢያዝን እስከ ጉልበቱ ገብቶ ገፋቸው።

በማግሥቱም ሚዛን ሆነው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ባሉት ቀናትም።